የማንበብ ፍቅር ከጓዳ ይጀምራል

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የተገለበጠ ጽሑፍ ሳላዞር አነባለሁ። በመሥሪያ ቤት ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የተቀመጠ ባለጉዳይ ደብዳቤውን ወደ ራሱ ዘርግቶ ሲያነብ፣ ዓይኔ ሳላዘው በተዘቀዘቀው ፊደል ላይ ሲሮጥ እይዘዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ይህን ደግሞ የት ተማርሽው?» እያሉ ይስቃሉ። የተማርሁት ከግድግዳ ላይ ነው።

ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ይባል በነበረው ሰፈር ነው። ቤታችን ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ ጓዳውን ከመኝታው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እናቴ ከባለ ሱቁ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ትገዛለች። ከዚያም ዱቄት በውኃ አፍልታ ሙጫ ትሠራና ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ ትለጥፈዋለች። ጭቃው እንዳይረግፍ፣ ቤቱም ለበዓል ፈካ እንዲል ነው። እናቴ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረችም። በመሆኑም የጋዜጣው ላይኛው ወገን የትኛው፣ ታችኛው የትኛው እንደሆነ የምትለየው በሥዕሉ ብቻ ነበር። የሰው ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ቀጥ ብሎ ይለጠፋል፤ ፎቶግራፍ የሌለው እንደ ዕድሉ ነው። እኔ የምተኛበት የመደቡ ጥግ የደረሰው ደግሞ ፎቶግራፍ የሌለው ገጽ ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ሰፈራችን ከነበሩት የኔታ ዘንድ ገባሁ። ፊደሉን ለይቼ እንደጨረስሁ መጀመሪያ ያነበብሁት መጽሐፍ ሳይሆን ያንኑ የተገለበጠ ግድግዳ ነው። በመጀመሪያ ራሴን ከመደቡ ጠርዝ ቁልቁል አንጠልጥዬ ነበር የማነበው፤ ደም ወደ ራሴ እየወረደ ፊቴ ሲቀላ እናቴ ትቆጣለች። በኋላ ግን ዓይኔ ለመደው። እኔ ቀና አልሁ፤ ፊደሉ እንደተዘቀዘቀ ቀረ።

ከግድግዳው ጋዜጣ አንድ ነገር ያናድደኝ ነበር። ነገሩ ደስ ማለት ሲጀምር «ወደ ገጽ 6 ዞሯል» ይላል። ገጽ 6 ደግሞ ወይ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው፤ ወይ ሌላ ገጽ ተለጥፎበት ከሥር ቀርቷል፤ አለዚያም ጎረቤት ሄዷል። ባለ ሱቁ አንዱን ኪሎ ለእኛ፣ ሌላውን ለጎረቤቶቻችን ይሸጥ ስለነበር፣ የጀመርሁትን ወሬ ፍጻሜ ፍለጋ «እማዬ እሳት ልካኝ ነው» እያልሁ ቤት ለቤት መዞር ለመድሁ። የሰፈሩ ሴቶችም «ይህች ልጅ እሳት ልትጭር ትመጣና ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ እናቶች ሲገናኙ ከሚያነሡት ጨዋታ አንዱ «ልጄ ማንበብ አይወድም፤ ምን ላድርገው?» የሚል ነው። መልሱን ብዙዎቻችን የምንፈልገው ከትምህርት ቤት ወይም ከመጽሐፍ መደብር ነው። ነገር ግን ማንበብ የሚወዱ ሰዎች ፍቅሩ ከየት እንደያዛቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሌላ ነው።

በቡና ሰዓት የተሰበሰበ ወሬ

በቅርቡ በመሥሪያ ቤታችን በቡና ሰዓት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቼ ነበር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ማንኛውንም ልቦለድ ስትጀምር አስቀድማ የመጨረሻውን ገጽ እንደምታነብ ነገረችን። ዋናው ሰው የሚሞት ከሆነ ሐዘኑን ቀድማ ትጨርስና ከመጀመሪያው ገጽ በሰላም ትነሣለች። ልማዱ የያዛት ልጅ ሳለች ነው። ታላቅ እኅትዋ መጽሐፉን መልሳ ስለምትወስድባት፣ ሳይነጠቅ ቢያንስ መጨረሻውን ልወቅ ትል ነበር።

አንድ ሾፌራችን ደግሞ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየን። በልጅነቱ ልቦለድ መጻሕፍት በኪራይ የሚሰጡ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። ኪራዩ በቀን ስለሚታሰብ፣ አንድ ቀን ሳይጨምርበት ለመመለስ እየሄደ ያነብ ነበር። የቀሩትን ሦስት ገጾች መንገድ ላይ ሲያጣድፍ ከስልክ እንጨት ጋር ተጋጨ። «ደሙ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት መጽሐፉ እንዳልተበላሸ ነው» አለን።

የቢሮ ተላላኪ የሆኑት አባት የነገሩን ከሁሉም ይበልጣል። ልጅ ሳሉ ቆሎ የሚገዙት ለቆሎው ብለው አልነበረም። ቆሎ ሻጮቹ አሮጌ መጽሐፍ እየቀደዱ ይጠቀልሉበት ስለነበር፣ ከየትኛዋ ሴት የየትኛው ታሪክ ገጽ እንደሚገኝ ለይተው ያውቁ ነበር። ቆሎውን ለጓደኞቻቸው አከፋፍለው ወረቀቱን ያስቀራሉ። «አንድ መጽሐፍ እስከ ግማሽ ሰብስቤ ነበር፤ ሴትዮዋ ገበያ ቀየሩብኝ» አሉ፤ ይህን ሲሉ አሁንም ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ብዙ መጽሐፍ ባለበት ቤት አላደጉም። ሁሉም ግን ገና በለጋነታቸው ፊደል በእጃቸው ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ነበሩ። እንዲሁም ሁሉም የሚያስቀናቸው፣ የሚያነብላቸው ወይም የሚነጥቃቸው ሌላ ሰው በቅርባቸው ነበረ። ልጅ ማንበብን የሚወደው ብቻውን አይደለም፤ ከሰው ይጋባበታል።

አራዳና ፊደል

አራዳ ለፊደል ባዕድ ሰፈር አይደለም። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ይቆም የነበረውን ገበያ ጣልያን በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው፤ ፒያሳ የሚለውም ስም ያኔ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ አራት ኪሎ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቁሟል። ከዘመናዊው ትምህርት አስቀድሞም ልጆች በየደብሩ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው በስንደዶ እየጠቆሙ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራሉ።

የቄስ ትምህርት ቤቱ አርጩሜ የብዙዎችን ጀርባ እንደገረፈና፣ ፊደል ባዩ ቁጥር አርጩሜው ትዝ የሚላቸው ሰዎች እንዳሉ አይካድም። ሆኖም አባቶቻችንና እናቶቻችን አንድ ብልሃት ነበራቸው። ልጁ ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ ወላጆች ይደግሳሉ፤ ለየኔታም ስጦታ ያቀርባሉ። ልጁ በዚያች ቀን የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ የሚበላው የሚጠጣው እርሱ በማንበቡ ነውና። ዛሬ ልጆቻችን አንደኛ ሲወጡ እንሸልማለን፤ ልደታቸውንም በኬክ እናከብራለን። አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስለጨረሰ ቡና የተፈላለት ልጅ ግን ስንት ነው?

ከታወቁ ሰዎች ሕይወት

በአገራችን ስማቸው ከመጽሐፍ ጋር የተያያዘ ሰዎችን ታሪክ ብንመለከትም ከበስተጀርባው ቤተሰብ እናገኛለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ሲወለዱ ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ብክነት የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ግን በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ስዊዘርላንድ ድረስ ላኩ። ስንዱ በኋላ በጠላት ወረራ ጊዜ ታስረው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ አሠሩ። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ፤ በ1950 ዓ.ም. ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭም ሆኑ። ከእርሳቸው ጋር በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ የሄዱት ታናሽ እኅታቸው በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። አንዱ አባት ለሴት ልጆቹ በሩን ቢከፍት አንዷ በመጽሐፍ፣ አንዷ በሙዚቃ ወጡ።

የባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጅየው አባታቸው ሲያወጉ በቴፕ እየቀዱ፣ ከአንደበታቸው የወጣውን ቃል ወደ ጽሑፍ መልሰው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል አሳተሙት። የአባት ጨዋታ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። በየቤታችን እንዲህ ያለ ስንት ያልተጻፈ መጽሐፍ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ይሆን?

ቤታቸው መጽሐፍ ያልነበረስ? አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። ይህም አንድ የፍቅር ልቦለድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንበብን አልተዉም። አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆች ወዳሉበት የሚሄድ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። በ19 ዓመቱ የጀመረ ሰው ይህን ከሠራ፣ «ልጄ አሥራ ሁለት ሞልቶታል፤ አልፎበታል» ማለት ተገቢ አይደለም። ዘግይቶ የመጣ ፍቅርም ፍቅር ነው።

ጆሮ ከዓይን ይቀድማል

ልጅ በዓይኑ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያነባል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው በዚሁ በፒያሳ አናት ባለው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ልጆች «አባባ ተስፋዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ነገሩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ሴት ተዋንያን በማይገኙበት ጊዜ በመድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ብዙ ልጆች አያውቁም። ተረት ሲናገሩ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ጅብ፣ አንድ ጊዜ አሮጊት፣ አንድ ጊዜ ንጉሥ የሚሆነው ያለ ልምምድ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ተረት ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ራሳቸው አባትና እናት ሆነው ነበር።

ሬዲዮም እንደዚሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የብዙ ቤት ሥራ ይቆም ነበር። በእኛ ግቢ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ ሴቶቹ በርጩማቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። የሽንኩርት መክተፊያ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ዝግጅቱ ሲያበቃ የሚቀጥለውን እስኪሰሙ መታገሥ ያልቻሉት ማንበብ የሚችል ልጅ ይዘው መጽሐፉን በኪራይ አስመጡ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል በግቢው ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው ከቡናው አቦል ይቀዳልኝ ነበር። ማንበብ ክብር እንደሚያስገኝ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

የራሴ ጥፋት

እስከዚህ ድረስ የሌሎችን ካወጋሁ፣ አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ልጄ አሥር ዓመት ሲሆናት ማንበብ በጣም ትወድ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ ምሽት ይሆናል። ታክሲ ተጋፍቼ፣ ገበያ ደርሼ፣ ደክሞኝ ነው የምገባው። አንድ ቀን በር ስከፍት ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሽሮው ተቃጥሎ ድስቱ ሥር ጠቁሯል። ልጄ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ ጭሱን እንኳ አላየችም። ወንድሟ ደጅ ኳስ ይጫወት ነበር፤ እርሱን ማንም አልጠየቀውም። መጽሐፉን ከእጅዋ ነጠቅሁ። በማግሥቱ ልዋጭ ባዩ ሰውዬ በበራችን ሲያልፍ ከአሮጌ ጫማና ከተቀደደ ልብስ ጋር ደርቤ ሰጠሁትና የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበልሁ። መጽሐፉ የክፍል ጓደኛዋ ነበር።

ልጄ አላለቀሰችም፤ አንዳችም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ሽሮ አላሳረረችም፤ መጽሐፍም አልያዘችም። እኔ ሞኟ «ጨዋ ሆነችልኝ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወራት አለፉ። በትምህርቷ ቀዘቀዘች፤ ጥያቄ መጠየቅም ተወች። ነገሩን ለእናቴ ባጫውታት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ሳላውቅ ገልብጬ ለጠፍሁልሽ፤ አንቺ ግን አቃንተሽ አነበብሽው። ልጅሽን ግን እያወቅሽ ነጠቅሻት።»

ያ ቃል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ዞርሁ። በስንት ድካም ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ አገኘሁ። ለልጄ ስሰጣት ዞር ብላ አላየችውም። ከዚህ በኋላ ማታ ማታ ራሴ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ፤ ለእርሷ ሳይሆን ለራሴ እንደማነብ መስዬ። በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤት ሆና «እማዬ፣ ያንን ቃል አሳስተሽ ነው ያነበብሽው» አለችኝ። በሳምንቱ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ሽሮውን የማማሰሉ ተራም ከዚያ ወዲህ የወንድሟ ሆነ፤ አንድ ቀን እርሷ፣ አንድ ቀን እርሱ። ሳፋው እስከ ዛሬ አለ። ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ፤ ነገር ግን አልጣልሁትም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤቶቻችን ወንዱ ልጅ ሲያነብ «እያጠና ነው፤ አትረብሹት» ይባላል፤ ሴቷ ስታነብ ግን «ሥራ ፈታ ተቀመጠች» ትባላለች። ውኃ መቅዳት፣ ሕፃን ማዘል፣ ቡና ማፍላት ሁሉ የእርሷ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጽሐፍ የሚተርፋት ሰዓት እንቅልፍ የሚጥላት ሰዓት ነው። ማንበብ የማትወድ ሴት ልጅ አለችኝ የምትል እናት ካለች፣ አስቀድማ ለልጅዋ የማንበቢያ ጊዜ ሰጥታት እንደሆነ ራስዋን ትጠይቅ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ትምህርት ቤት የራሱ ድርሻ አለው። ቤት ውስጥ ግን ያለ ብዙ ወጪ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ።

አንደኛ፣ በቀን አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ለልጅዎ ጮክ ብለው ያንብቡ። ሰዓቱ ቢቻል አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከእራት በኋላ ወይም ቡናው እስኪፈላ። ልጁ ራሱ ማንበብ ከቻለ በኋላም ቶሎ አያቋርጡ። ከሚነበብለት የሚሰማቸው ቃላት በየዕለቱ ንግግር ከሚሰማቸው ይበዛሉና፣ በኋላ ብቻውን ሲያነብ አይከብዱትም።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ልጅዎ ያንብብልዎ። የመብራት ሒሳቡን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ ከዘመድ የመጣውን መልእክት እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። ለእናቱ የሚጠቅም ልጅ ማንበብን እንደ ቅጣት አያየውም።

ሦስተኛ፣ ያነበበውን አይናቁበት። ቀልድም ቢሆን፣ የስፖርት ጋዜጣም ቢሆን፣ አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢደጋግመውም ይተዉት። ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምር፣ አዲስ ደብተር የሚያሸት፣ ከአልጋ ሥር ገብቶ የሚያነብ ልጅ ካለዎት የራሱን መንገድ አግኝቷልና አያቃኑት። ማንበብንም የጥፋት መቅጫ አያድርጉ። «አጥፍተሃልና ቁጭ ብለህ አንብብ» የተባለ ልጅ መጽሐፍን ከእሥር ቤት አይለየውም።

አራተኛ፣ ልጅዎን ቤተ መጻሕፍት ይውሰዱት። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የሕፃናት ክፍል አለው። አንድ ቅዳሜ ታክሲ ተሳፍሮ ብዙ ሰው ጸጥ ብሎ ሲያነብ ማየት ብቻውን ለልጅ ትምህርት ነው።

አምስተኛ፣ ራስዎ ሲያነቡ ይይዎት። ስልክ ላይ አጎንብሰን «መጽሐፍ ያዝ» ብንለው ልጁ የሚከተለው ዓይናችን ያለበትን ነው፤ ቃላችንን አይደለም።

የተቃናው ግድግዳ

የእናቴን ግድግዳ ፍጻሜ ሳልናገር ይህን ጽሑፍ ልዘጋ አልችልም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም ያገኘ ነው። እናቴ ከግቢው ሴቶች ጋር ደብተርዋን በነጠላዋ ሸፍና ማታ ማታ ወደ ቀበሌ መሄድ ጀመረች። ታፍር ነበር። እኔ ማታ የቤት ሥራዋን ስመለከትላት «ያቺን ፊደል እንዳትነግሪኝ፤ ራሴ ላግኛት» ትለኛለች።

አንድ ምሽት ራት በልተን ስንጨርስ ከመደቡ ተነሥታ ግድግዳውን በጣትዋ እየተከተለች ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዚያም ራስዋን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች፤ ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። «ለካ ቤቴን ገልብጬ ነው የኖርሁት» አለችና እስኪያነባት ድረስ ሳቀች። ለ1973 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ግድግዳውን እንደገና ስትለጥፍ እያንዳንዱን ገጽ እያነበበች፣ እያቃናች ስለነበር ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። የእኔ ጥግ ላይ ስትደርስ ሙጫውን እንደያዘች ቆም ብላ «ይህንንስ ላቃናልሽ?» አለችኝ። አይሆንም አልሁ። እርሷም እንደነበረ ተወችው።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ሰፈሩም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። ግድግዳው ከፈረሰው ጋር ሄደ። ባለፈው እሑድ ልጄ የአራት ዓመት ልጅዋን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ሕፃኑ ከፊቴ ቁጭ ብሎ የሥዕል መጽሐፉን ወደ ራሱ ዘርግቶ «አያቴ፣ አንብቢልኝ» አለኝ። ላዙርልህ አላልሁትም። እርሱ ሥዕሉን አቅንቶ እያየ፣ እኔ እንደተገለበጠ አነበብሁለት።